የጫጩቷ ጉልበትና አዴ ሰዓዳ

«አላህ መሆኑንማ አውቃለሁ። በማን በኩል ነው የላከው?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ አዴ ሰዓዳ ናቸው፤ ሐረር፣ ኤረር በር እንቁላል የሚሸጡ ሴትዮ፤ እዚያ ትልቅ ሴት አዴ ነው የምትባለው። ሲጠይቁኝ ትንሽ ብልቃጥ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዘው ነበር። ብልቃጧ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የጠጣች የጫጩት እግር አለች፣ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ። ጉልበቷ ላይ በጥፍራቸው እየጠቆሙ «ይሄ አጥንት ቀጥ ብሎ ነው የሚጀምረው አላልሽም? ታዲያ ‹እዚህ ጋ ታጠፍ› ያለው ማነው?» አሉኝ። ቸኩዬ ስለነበር ለመገላገል ብዬ «ፈጣሪ ነዋ» አልኳቸው። ያኔ ነው ያንን የመለሱልኝ።

አሁን አዴ ሰዓዳ የሉም። ባለፈው ወር ዙህር ሰገዱ፣ መስገጃቸውን አጠፉ፣ ጋደም አሉ፣ በቃ። ልጃቸው ነጃት ደውላ ስትነግረኝ ከአፌ የወጣው ነገር ያሳፍራል። «እንዴ! ገና አልመለስኩላቸውም እኮ!» ነው ያልኩት። አላህ ይርሐማቸው እንኳን ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ።

ጥያቄው ዝም ብሎ ጉጉት እንዳይመስላችሁ። ነጃት ስትወለድ የሁለቱም እጆቿ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አይታጠፉም ነበር። መሀላቸው ላይ መታጠፊያ የለም፤ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ዛሬም ድረስ። አዴ ሰዓዳ ደግሞ ያኔ የሚነግዱት ዶሮ ነበር። ዶሮ ገበያ የሚሄደው እግሩ ታስሮ፣ ተዘቅዝቆ ነው። ከነእርግዝናቸው ስንቱን ሲያስሩ ከርመው ልጅቷ እንደዚያ ሆና ስትመጣ የሰፈሩ ፍርድ ለመውጣት ሁለት ቀን አልፈጀም፤ «የዶሮውን እግር አስራ የልጇን ጣት አሰረች» ተባለ። መጀመሪያ ያሉት የባላቸው እህት አዴ ረህማ ናቸው። ከዚያ በኋላ አዴ ሰዓዳ አንድም ዶሮ አስረው አያውቁም። ወደ እንቁላል ዞሩ። ለምን እንቁላል ሲሏቸው «እንቁላል እግር የለውማ» ብለው ይስቃሉ። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ እየሳቁ፣ ሆዳቸው ውስጥ ግን «እኔ ነኝ ወይ?» የምትል ነገር ተቀምጣ ነበር። እኔን ሲያገኙ የሚጠየቅ ሰው አገኙ። ያው ዕድላቸው ሆኖ ያገኙት ሰው ለሁለት ደቂቃ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ሆነ።

የተዋወቅነው በመመረቂያ ጽሑፌ ምክንያት ነው። ባዮሎጂ ነው የተማርኩት። ጥናቴ ረጅም ርዕስ ነበረው፤ ሲተረጎም ግን ጫጩት እንቁላሉ ውስጥ እያለ ጉልበቱ በስንተኛው ቀን ነው የሚለየው ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ከሱቅ ገዛሁ፤ ነጫጭ፣ እኩል እኩል፣ ፎቶ የሚነሱ የመሰሉ። በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ሳምንት ሙሉ አሞቅኳቸው። ስከፍታቸው አስኳልና ውሃ። ሌላ ምንም። የላብራቶሪው ሠራተኛ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።

«እነዚህ የእርባታ ዶሮዎች እኮ ወንድ አይተው አያውቁም! ኤረር በር ሂጂና አዴ ሰዓዳን ፈልጊ። የባለትዳር እንቁላል ይሰጡሻል።»

ሄድኩ። በሩን አልፌ ከግንቡ ጥግ ሁለት ገለባ የሞላባቸው ጣሳዎች ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል፤ አጭር፣ ፈጣን ዓይን ያላቸው፣ የመነጽራቸውን አንድ ጆሮ በክር የጠገኑ ሴት። ሰላምታ እንኳን በደንብ ሳልሰጥ «የባለትዳር እንቁላል አለ?» አልኳቸው።

«በወረቀት የተጋቡ ነው የምትፈልጊው ወይስ በምስክርም ይሆናል?»

አንድ እንቁላል አንስቼ ጆሮዬ ስር ነቀነቅኩ። ሐረር ውስጥ እንቁላል የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ጊደር መጋላ ገበያ ሂዱና እዩ፣ ሴቱ ሁሉ እንቁላል ጆሮው ላይ ይዞ ስልክ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ካልተንቦጫረቀ ደህና ነው። እናቴ እንደዚያ ነው ያስተማረችኝ። አዴ ሰዓዳ እጄን ጠፍ አደረጉት።

«ለመብላት ነው ለማስፈልፈል?»

«ለማስፈልፈል። ማለቴ… ለጥናት።»

«ታዲያ ልጁ ገና ሳይፈጠር የመሬት መንቀጥቀጥ ታሳይዋለሽ? አንቺ በእናትሽ ሆድ እያለሽ አንዱ ይዞ ቢነቀንቅሽ ትወጃለሽ?» ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ለነገሩ የነቀነቀሽ ሰው ሳይኖር አይቀርም። አንዴ ረጋ ብለሽ አትቆሚም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ወይዘሪት ቶሎ ሆነ። እውነተኛ ስሜን ያወቁት ስመረቅ ይመስለኛል።

ሁለቱ ጣሳዎች የተለያዩ ነበሩ። የግራው የሚበላ ነው፤ ገዢው እንዳሻው ይነቅንቀው። የቀኙን ግን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም። እንቁላሉን አይተው ማወቃቸው አልነበረም ጥበባቸው። አውራ ዶሮዎቹን ማወቃቸው ነው። ከየትኛው ገጠር፣ ከየትኛው ቤት እንደመጣ፣ የቤቱ አውራ ዶሮ ጠባዩ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

«ይሄ ከነአብዱ ቤት ነው። የነሱ አውራ ዶሮ ጮሆ ብቻ ነው የሚውል፣ ሥራ የለውም። ተይው። ይሄ ከነፈትያ ነው፤ እሱ አላህ ይባርከው ዓይነ ደረቅ ነው፣ አይመርጥም። ይሄ ደግሞ…» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ይሄ አርጅቷል፣ ግን ሐሙስ ሐሙስ ይሞክራል።»

ቀይ እስክሆን ሳቅኩ። ሁሉንም በደብተሬ ላይ «የናሙና አመራረጥ» በሚለው ስር ጻፍኩት። ከወሰድኳቸው ውስጥ አንዱ ብቻ ሲቀር ሁሉም ጽንስ ነበራቸው። አንዱ የሐሙሱ ነው።

ሲሰጡኝ ግን ውል አስገቡኝ። «የምትሰብሪያቸው አሉ አይደል? ለእያንዳንዱ ለምትሰብሪው አንድ ትተይልኛለሽ፤ ተፈልፍሎ ይውጣ። ስትሰብሪውም ‹አፉ በለኝ› በይው።»

«እንቁላሉን?»

«ታዲያ እኔን ነው?»

አልኩ ወላሂ። ላብራቶሪ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሼ እንቁላል እየሰበርኩ «አፉ በለኝ» ስል የላብራቶሪው ሠራተኛ ለአማካሪዬ ሄዶ ተናገረ፤ ልጅቷን ጥናቱ ነካ አድርጓታል ብሎ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ፤ ሳጥኑ እየቀዘቀዘ ነው፣ እንቁላሎቹ ስድስተኛ ቀናቸው ነው፣ ዳግም ለመጀመር ጊዜ የለኝም። እየጮህኩ ደወልኩላቸው።

«ምን ያስጮህሻል? ደረትሽ ውስጥ አስገቢያቸውና ኮቱ!» አሉኝ፤ ነይ ማለታቸው ነው።

ፎጣ ጠቅልዬ፣ እንቁላሎቹን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ በድንጋዩ ላይ እንደ ጉድ ይነዳል። «ቀስ በል፣ እርጉዝ ነኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ፤ በመስታወቱ ሆዴን አየና «ስንት ወርሽ ነው?» አለኝ። «ስድስት ቀኔ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክወርድ ድረስ መንገዱን ቀስ ብሎ ነዳ።

አዴ ሰዓዳ የሚኖሩት ጀጎል ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ገብቶ፣ ግድግዳው አረንጓዴ የተቀባ ግቢ። ስደርስ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አንድ በአንድ ከሹራቤ እየተቀበሉ እያንዳንዱን እንቁላል የተጨፈነ ዓይናቸው ላይ ያስነካሉ። ቆዳ ውስጥ እንደ ዓይን ቆብ ሙቀት የሚያውቅ የለም ይላሉ። ሁሉንም አልፈው ሲጨርሱ «አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አሉ» አሉና ጥግ ላይ የተቀመጠች ወፍራም ቀይ ዶሮ ስር አስገቧቸው።

የዶሮዋ ስም ረህማ ነበር። አዎ፣ በባላቸው እህት ስም ነው የጠሯት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ሁሉን ትነክሳለች፣ ከተቀመጠችበት አትነሳም» አሉኝ። አዴ ረህማ ደግሞ ከግቢው ግንብ ማዶ ነው ቤታቸው። እኔ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅም ነበር። አዴ ሰዓዳ ሆን ብለው ጮክ ይላሉ፤

«ረህማ! ቂጥሽን አንሺ፣ ልይ!»

ከግንቡ ማዶ፤ «እኔን ነው?»

«ኧረ ዶሮዋን ነው፣ እህቴ! አንቺንማ ማን ደፍሮ ያስነሳሻል!»

ጥናቴ በዚህ ሁኔታ ቀጠለ። በየሁለት ቀኑ ሄጄ አንድ እንቁላል እወስዳለሁ፣ «አፉ በለኝ» እላለሁ፣ የጫጩቱን እግር፣ ለስላሳ አጥንት ብቻ በሚያቀልም ሰማያዊ ቀለም ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ሥጋው እንደ መስታወት እስኪያሳይ አጠራዋለሁ። ጥናቴን የምከላከል ቀን የማሞቂያውን ዓይነት ሲጠይቁኝ «የሐበሻ ዶሮ ናት፣ ቀይ» አልኩ። ፈታኞቹ ተያዩ። አንዱ «ሙቀቷን በምን ለካሽ?» አለኝ። «በዓይን ቆብ» አልኩ። አለፍኩ።

ብልቃጦቹን ለአዴ ሰዓዳ ያሳየኋቸው ከዚያ በፊት ነው። ሦስቱን በተራ ደረደርኩላቸው። በመጀመሪያው ጉልበቱ የሚሆንበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ ጭኑና ቅልጥሙ ሳይለያዩ እንደ አንድ ቅርንጫፍ ተያይዘዋል። በሁለተኛው ሰማያዊው መሀል የደበዘዘች መስመር አለች። በሦስተኛው መስመሯ ተከፍታለች፤ ጉልበት ሆናለች። ሦስቱን በር ላይ ብርሃን እየፈለጉ አገላበጡ። ቀልዳቸው ሁሉ ጠፋ። ያንን ጥያቄ የጠየቁኝ ያኔ ነው፤ ልክ ያኔ ነጃት ሻሂ ይዛ ገባች፣ በማይታጠፉት ጣቶቿ ትሪውን ደግፋ። አዴ ሰዓዳ ብልቃጡን ቶሎ ቀሚሳቸው ውስጥ ደበቁት።

ነጃት ስትወጣ መመለስ ጀመርኩ። ያነበብኩትን አዘነብኩባቸው፤ ዊንት አልኩ፣ ጂዲኤፍ ፋይቭ አልኩ፣ ኖጊን አልኩ።

«ቆይ» አሉኝ። «እነዚህ የመልእክተኞቹ ስሞች ናቸው?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ እኔ መታወቂያቸውን አልጠየቅኩም። ምን ብለው እንደተላኩ፣ ማን ለማን እንደሚናገር ንገሪኝ። ደግሞም የዶሮ እግር የታሰረበት ክር ያስቆማቸው እንደሆነ። ገበያ ለተቀመጠች ሴት እንደምትነግሪ አድርገሽ።»

ሞከርኩ። አልሆነልኝም። እውነቱን ለመናገር ራሴም በደንብ አልገባኝም ነበር፤ ስሞቹን ነው የሸመደድኩት። ሰው ያልገባውን ነገር ሲጠየቅ እንደሚያደርገው ተበሳጨሁና «ስመረቅ እነግርዎታለሁ፣ አሁን ጊዜ የለኝም» አልኩ።

ተመረቅኩ። ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄድኩ። በየሳምንቱ ይደውላሉ። «ወይዘሪት ቶሎ፣ መልሴስ?» ሲሉኝ ወይ ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ወይ ወረፋ ላይ ነኝ፣ ወይ ካርድ ሊያልቅብኝ ነው። «ስመጣ ተቀምጠን!» እላለሁ። «ኢንሻአላህ» ይላሉ። ነገሩ በደንብ ከገባኝ ወራት አልፈው ነበር፤ ግን በስልክ ይሆናል? አይሆንም፣ ስሄድ አልኩ። እንደዚህ ነው የቀረሁት።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀን ደረስኩ። ቤቱ በሴት ሞልቷል። ነጃት ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ስድስት ወሯ ነው፣ እጆቿን ሻሿ ስር ደብቃለች። ነጃት መኪና ግርግር የሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። እነዚያ ቀጥ ያሉ ጣቶች ጨርቁን ሲገፉ ማስመሪያ አያስፈልጋትም፤ እንደሷ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ የለም። አጠገቧ ሄጄ «ሥራስ?» ስላት «ማሽኑን ዘግቼዋለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። ለምን ከማለቴ መልሱ ከፊት ለፊት መጣ።

«እኔ ነኝ ያዘጋኋት!» ድምፁን ወዲያው አወቅኩት። የግንቡ ማዶ ድምፅ ነው። አዴ ረህማ፤ ግዙፍ፣ ትራስ ተደግፈው፣ ብርጭቆ ሻሂ ይዘው። «ልብስ ሰፊ ቀኑን ሙሉ ክር ሲቋጥር ነው የሚውለው። እናትየው ዶሮ አሰረች፣ ያየነውን አየን። አላህ ይማራት እንጂ ጥፋቷን ተሸክማ ነው የሄደችው። ይቺ ደግሞ በክር ትድገመው?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንድ እናት በገዛ ለቅሶዋ ላይ ስትከሰስ አይቼ እንዴት ልቀመጥ? ለመናገር አፌን ስከፍት ዓይኔ የአዴ ረህማ እጅ ላይ አረፈ። ብርጭቆውን የያዘው እጅ። ሦስቱ ጣቶች ብርጭቆው ላይ ተጠምዝዘዋል፤ ትንሿ ጣት ብቻዋን ቀጥ ብላ በሩን ትጠቁማለች።

«አዴ ረህማ፣ ይቅርታ፣ እስቲ እጅዎን ጭብጥ ያድርጉት።»

«ለምን?»

«ለአላህ ብለው።»

ብርጭቆውን አስቀመጡና ጨበጡ። ትንሿ ጣት አልታጠፈችም።

«ይቺማ ከልጅነቴ ነው። እሳት ነክቶኝ ነው» አሉ ቶሎ ብለው።

«ጠባሳው የታለ?»

በሩ አጠገብ ከተቀመጡት አሮጊቶች አንዷ ሳል አሉና «የአባትሽስ ጣት፣ ረህማ? እሳቸውንም እሳት ነክቷቸው ነበር? ሲሰግዱ ሁለት ጣታቸው ቀጥ ብሎ እናየው አልነበር?» አሉ።

«ወንድሜ ግን ደህና ነበር!» አሉ አዴ ረህማ፤ የነጃትን አባት ማለታቸው ነው። «የሱ ጣት ይታጠፍ ነበር!»

«የእጁ ነው። የእግሩን አጥፈው አይተዋል?» አልኳቸው።

ሴቶቹ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ። ነጃት ራሷ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። አዴ ረህማ ጣታቸውን አዩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ይመስል ረጅም ጊዜ አዩ። አላሳዘኑኝም ብል ውሸት ነው። «የእርስዎም ጥፋት አይደለም፣ የአባትዎም አይደለም» አልኳቸው። «በዘር የሚመጣ ነገር ነው፣ እንደ አፍንጫ፤ እጁ ላይ ያልታየበትም ሰው ለልጁ ያስተላልፋል።»

ነጃት እጆቿን ከሻሿ ስር አወጣቻቸው። «የኔ ልጅስ?» አለችኝ።

«ሊወስድም ላይወስድም ይችላል። አልዋሽሽም። ከወሰደ እንዳንቺ ቀጥ አድርጎ ይሰፋል። ግን ክር ስለቋጠርሽ አይሆንም፣ ክር ስላልቋጠርሽም አይቀርም። ነገ ማሽንሽን ክፈቺ።»

«እማ አንድ ነገር ጠይቃሽ ነበር» አለች። «በኋላ በኋላ ማታ ማታ ትነግረኝ ነበር፤ ወይዘሪት ቶሎ መልሱን ይዛ ትመጣለች ትለኝ ነበር። ይዘሽ መጣሽ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዴ ሰዓዳ የሚቀመጡበት ቦታ ባዶ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ወደዚያ ዞርኩና፣ እሳቸው ግንቡ ማዶ እንዲሰማ እንደሚያደርጉት፣ ጮክ አልኩ።

«አጥንት ሲጀመር አንድ በትር ነው። በትሩ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ትንንሽ ነገሮች ጎን ለጎን ታጭቀው ይኖራሉ፣ እንደ ጀጎል ቤቶች፤ ቀኑን ሙሉ መልእክት ይለዋወጣሉ። አንዱ ‹አጥንት እንሁን!› ብሎ ለጎረቤቱ ይልካል፣ ያም ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። መታጠፊያው ጋ ያሉት ግን ‹እኛ አንሆንም› ይላሉ፤ የመጣውን ጥሪ የሚያፍን ሌላ መልእክት ያወጣሉ። እነሱ ለስልሰው ይቀራሉ፣ በኋላ ይላቀቃሉ፣ ልጁም በሆድ ውስጥ ሲራገጥ ቦታው ይከፈታል። የሚያፍነው መልእክት በዘር ደክሞ ከመጣ ጥሪው ሳይቆም ያልፋል፣ ጣቱም በትር እንደሆነ ይቀራል። በቃ ይሄው ነው። ገመድ የለበትም፣ ዶሮ የለበትም። በጎረቤት በኩል ነው የላከው፣ አዴ ሰዓዳ። በእርስዎ በኩል አይደለም!»